ግማሽ በሬ በቁሙ

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ጋደም ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ለተኛ ሰው ማውራት አልወድም። ስለዚህ አንዲት አገር ነበረች እንበል፤ ደጋዋ ሰፊ፣ ቆላዋ የባሰ ሰፊ፣ መሐሏ ላይ አንድ የድንጋይ ማማ የቆመባት።

በዚያች አገር ከማማው ላይ ያልተጠራ ነገር አይታወቅም ነበር። ሰዎቹ ሞኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያያሉ፣ ይሰማሉ። ነገር ግን ጨዋ ሰው ከማማው ያልተጠራውን ነገር «አውቃለሁ» አይልም። ጎረቤቱ «የትናንቱ በረዶ እኮ ማሽላዬን ጨረሰው» ቢለው፣ በዚያው በረዶ ተመትቶ ግንባሩ ያበጠ ሰው እንኳ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ እኔ አልሰማሁም» ይላል። አባቶቻቸው ይህን ደንብ ያወጡት ለክፉ አልነበረም። በጥንት ዘመን ማንም እየተነሳ ያሻውን ሲያወራ አገር ታምሶ ነበርና፣ አንድ ቃል እውነት ነው ከመባሉ በፊት ሦስት ዐዋቂዎች ዳኛ ሆነው ይመርምሩት፣ ከዚያ ነጋሪው ማማው ላይ ወጥቶ ይጥራው አሉ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም ብኖር ኖሮ እጄን አውጥቼ እደግፍ ነበር።

ጣጣው የመጣው ማማው ባለቤት ስላለው ነው። የገነቡት ድንጋይ ጠራቢዎች ሲሞቱ ልጆቻቸው ወረሱት፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ዙሪያውን አጥረው፣ ሊሰማ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ ያስከፍሉ ጀመር። የደጋ ሰው ከፍሎ ይገባል። የቆላ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የነጋሪውን ድምፅ ይሰማል እንጂ ቃሉን አይለይም። ይባስ ብሎ፣ ያንን ቃል ዓመት ሙሉ ደክሞ ያገኘው መርማሪ ራሱ የገዛ ቃሉ ሲጠራ ለመስማት ከፍሎ ይገባ ነበር።

ኋላ አንድ ደግ ንጉሥ ነገሠና «ይህ አጥር ይፍረስ፤ ሰው ሁሉ በነጻ ይስማ» ብሎ አዘዘ። አጥሩ ሲፈርስ ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ ጨፈረ። የማማው ባለቤቶች ብቻ ንጉሡ ፊት ቀርበው እኛስ ምን እንብላ ብለው ጠየቁ። ንጉሡ የዚያን ቀን ደስ ብሎት ስለ ነበር መላውን እናንተው ፈልጉ አላቸው። ፈለጉ፤ ለማግኘትም አልዘገዩም። ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ሰው አይከፍልም፤ ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ሦስት የእርሻ በሬ ያስገባል ተባለ።

ሦስት በሬ ለሁሉም እኩል ነው። የማማው ሰዎች ይህን እኩልነት ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋ ነበር። በደጋ መርማሪው ሁሉ በመሳፍንት ቤት ያደረ ስለሆነ በሬውን የሚያስነዳለት ጌታው ነው። እንዲያውም አንዳንዱ መስፍን በየዓመቱ መንጋውን በጅምላ እያስገባ፣ የቤቱ ሰዎች ያሻቸውን ያህል እንዲናገሩ ተዋውሎላቸዋል። የደጋውን መርማሪ ቃልህ ስንት በሬ በላ ብትሉት ጌታዬን ጠይቁት ይላችኋል። በቆላ ግን ሦስት በሬ ማለት የአንድ መንደር ክረምት ማለት ነው።

ዳኞቹስ ምን ያገኛሉ እንዳትሉኝ። ምርቃት ያገኛሉ። ቃል ሲመረምሩ ከርመው ዓይናቸው ሲፈዝ የማማው አጋፋሪ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ይላቸዋል፤ ራሳቸው ቃል ያመጡ ዕለት ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው በሬያቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ይህ ክብር ነው ይባል ስለ ነበር ማንም አጉረምርሞ አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ዘመን፣ በቆላ፣ ሰዉ ከጥልቅ ጉድጓድ ቀድቶ በሚጠጣበት ወረዳ፣ እታፈራሁ የምትባል መርማሪ ነበረች። ደጋ ወጥታ ተምራለች፤ እዚያው የመስፍን ቤት አድራ መኖርም ትችል ነበር። የመለሳት የእህቷ የየሺመቤት ልጅ ናት። ስንዱ ትባላለች። ስንዱ ዳዴዋን ጨርሳ ስትቆም እግሮቿ ከጉልበት በታች ወደ ውጭ መጉበጥ ጀምረው ነበር። በዚያ ወረዳ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሰዉ ጥርስ ቡናማ ነው፣ የልጆቹ እግር ቆልማማ ነው፣ የሽማግሌው ወገብ እንደ ማጭድ ነው። ሲጠየቁም የአገራችን አየር ነው ይላሉ።

እታፈራሁ አየሩን ተወችና ውሃውን ያዘች። ከጉድጓድ የሚጠጣውን ቤትና ዝናብ አጠራቅሞ የሚጠጣውን ቤት ለየች፤ ጎባጣው ልጅ ከየትኛው ደጃፍ እንደሚወጣ እየዞረች አየች። ከዚያ የጉድጓዱን ውሃ በአሸዋ አጠለለችው፣ በገል አጠለለችው፣ በእንጨት ከሰል አጠለለችው፤ አልሆነም። በመጨረሻ የከብት አጥንት አክስላ ወቀጠችና ሥሩ በተበሳ እንስራ ሞልታ ውሃውን በዚያ አሳለፈችው። በጉድጓዱ ውሃ ያሳደገቻቸው ጠቦቶች አነከሱ፤ በአጥንቱ ባለፈው ያደጉት አጥር ዘለሉ። ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ጎብጠው የጠነከሩትን ጠቦቶች መልካሙን ውሃ ብታጠጣቸው አልቀኑም። ለጋው አጥንት ይድናል፤ የጠነከረው ግን እንደ ጎበጠ ይቀራል። ስንዱ ያን ጊዜ ገና ለጋ ነበረች።

በዕለቱ አንድ ማሰሮ ሞልታ ወደ እህቷ ቤት ሮጠች። የሺመቤት ማሰሮውን አየችው፣ አልነካችውም።

«ተጠርቷል?» አለቻት።

«ገና ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ፣ የሺዬ።»

«አንቺማ ታዪዋለሽ፣ ሥራሽ ነው። እኔ ግን ልጄን ያልተጠራ ውሃ አጠጥቼ ሰው ፊት እንዴት ብዬ እቆማለሁ? ይጠራና በእንስራ አምጪልኝ።»

የሺመቤት ክፉ እናት አልነበረችም። ባሏ ሞቶባት፣ ያንን ልጅ ይዛ፣ በሰው ዓይን ውስጥ የምትኖር ሴት ነበረች። እታፈራሁም አልተቀየመቻትም፤ ማሰሮውን እዚያው ደጃፏ ላይ ትታላት ወደ ማማው የሚወጣውን መንገድ ያዘች።

በማማው ሥርዓት ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ለቃሉ ዘንግ ይቀርጻል። ዘንጉን ለአጋፋሪው ካስረከበ ቃሉ የማማው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንኳ በማማው ፈቃድ ነው የሚናገረው። እታፈራሁ ከወይራ እንጨት ዘንግ ቀርጻ ወጣችና ቃሏን ለሦስቱ ዳኞች አሰማች። እነሱም አንድ ክረምት ሙሉ ያዙት። የመጀመሪያው ዳኛ አጥንቱ የጾም ይሁን የፍስክ ግልጽ አይደለም ብሎ መለሰው። ሁለተኛው እሱ ከዓመታት በፊት ስለ በቅሎ ኮቴ ያስጠራውን ቃል ደጋግማ ብታወሳ ነገሩ ይጠናከራል አለ፤ በቅሎና ውሃ ምን እንዳገናኛቸው ስላልገባት አንዴ አወሳችለትና አለፈ። ሦስተኛው አለቃ ድንበሩ ነበሩ። ትውልዳቸው ቆላ ሆኖ በልጅነታቸው ደጋ የወጡ፣ መሬት የሚጠርግ ካባ የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎብጠው አጥንታቸው ከጠነከረ በኋላ የጠጡትስ ይቀናሉ ወይ አሉ። አይቀኑም ስትላቸው ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ «እውነት ነው፣ ይጠራ» ብለው ፈረዱ፤ ስትወጣም በር ድረስ ሸኝተዋት፣ ዘንጉ በእጇ እስካለ ድረስ ቃሉ የራሷ መሆኑን፣ በገዛ ግቢዋ ለመጣ ሰው ሁሉ ብትናገር ደንቡ እንደማይከለክላት ነገሯት። ይህን ደንብ የማማው ሰዎች አይደብቁትም፤ አያወሱትም እንጂ።

እታፈራሁ ግን ያን ጊዜ ልቧ ማማው ላይ ነበር። የሺመቤት የምትሰማው የማማውን ድምፅ ብቻ ነውና። አጋፋሪው ወንድይራድ ትሑትና ጨዋ ሰው ነበር፤ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ አቀፋት፣ ቀጥሎም በሬዎቹ የት እንዳሉ ጠየቃት። ከቆላ መምጣቷን ብትነግረው ፊቱ ጭራሽ በራ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? የምሕረት ደንብ አለን። ጣሪያው ሁሉ ሣር የሆነ ወረዳ ምንም አይከፍልም።»

የእኛም ሣር ነው አለችው። አጋፋሪው ጸሐፊውን አስጠርቶ በጆሮው ተነጋገረና አዘነ፤ የእውነት አዘነ። በወረዳችሁ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ታይቷል አላት።

«እሱማ የእናንተ የማማው ሰዎች ማረፊያ ነው። የሠራችሁት እናንተው ናችሁ።»

«ማን ሠራው የሚል ነገር በደንቡ የለም፣ እታለም። ግን ጨካኞች አይደለንም። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ያለው ወረዳ በግማሽ ይማራል። አንድ በሬ ተኩል ታመጫለሽ።»

«ተኩሉን እንዴት አድርጌ ነው የማመጣው?»

«በቁሙ ነዋ። የታረደ ከብት ማማው አይቀበልም።»

የምትስቁ ሳቁ። እታፈራሁ አልሳቀችም።

ቁልቁል ስትወርድ ከማማው በታች ድንጋይ ከምረው የቆሙ ሰዎች አገኘች፤ አንዱም ሌላውም ይጠሯታል። እያንዳንዱ የድንጋይ ክምሩን «ታላቁ ማማ» ብሎ ሰይሞታል፤ በአንድ ዶሮ፣ ያለ ዳኛ፣ አሁኑኑ እንጥራልሽ ይሏታል። ከመካከላቸው አንዱ ጥላሸት በማር የበጠበጠ ሰው መቶ ዓመት ይኖራል እያለ ይጮህ ነበር። ቃሏ ከዚያ አጠገብ ቢጠራ ሰው በምን ይለየዋል? ልጅ የሚያድን ቃል ከጥላሸት ጋር አብሮ ሲጮህ ታያት፤ አለፈቻቸው።

መንደሩ ተሰበሰበ። ግማሽ በሬ ስለማይነዳ ሁለት ሙሉ በሬ መስጠት ግድ ነው፤ በሬዎቹ ደግሞ እርሻው ሳያልቅ አይወጡም። እርሻው እስኪያልቅ፣ አዝመራው እስኪገባ፣ ሰዉ ተጨቃጭቆ እስኪስማማ ሌላ ዓመት ሄደ። በመጨረሻ አንዱን በሬ አንድ ጎረቤት ሰጠ። ሁለተኛውን የሺመቤት ሰጠች፤ ቦራ የሚባለውን፣ ከባሏ የቀራትን ብቸኛ በሬ። ስንዱ እናቷ በሬውን ስትፈታ ግድግዳውን ተደግፋ ታይ ነበር። ያለ ግድግዳ መቆም ካቆመች ሰንብታለች።

እታፈራሁ ሁለቱን በሬዎች እየነዳች ማማው ደረሰች። አጋፋሪው ሁለት ሙሉ በሬ ሲያይ ተደሰተ፤ ትርፉ ግማሽ ለሚቀጥለው ቃልሽ ይያዝልሻል አላትና፣ እስከዚያው ከጀርባ ወስዳ እንድታስራቸው ነገራት። ከማማው ጀርባ ሄዳ አታውቅም። ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት መጥቶ ፊት ለፊት ነው የሚመለሰው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ኮረብታው ታየ። ኮረብታ የመሰላት አጥንት ነበር። ከአጥሩ መፍረስ ጀምሮ ለተጠራው ቃል ሁሉ የገባው በሬ እዚያ ታርዷል፣ ተበልቷል፣ አጥንቱም እዚያው ተጥሏል፤ የታችኛው ነጥቶ፣ የላይኛው ገና ሥጋ እንደ ያዘ። ቦራ ሽታው ደርሶት ወደ ኋላ ጎተታት። ያን ሁሉ ጊዜ የቆላው ልጅ ሲጎብጥ፣ መድኃኒቱ እዚህ ተከምሮ ለውሻ ቀርቷል። እታፈራሁ እዚያ ቆማ አለቀሰች። ከኀዘን ይልቅ ንዴት ነበር ያስለቀሳት።

ዕንባዋን ጠርጋ በሬዎቹን ይዛ ተመለሰች። ለአጋፋሪው በሬዎቹንም ዘንጉንም እንደማታስረክብ ነገረችው። ግራ ተጋባ።

«ቃልሽስ? ዳኞች አሳልፈውልሽ የለም እንዴ?»

«ቃሌ ከእኔ ጋር ይውረድ። እናንተ አጥንቱን ስጡኝ።»

አጋፋሪው ደንቡን በቃሉ ያውቀዋልና ከላይ እስከ ታች በልቡ ወጣው፣ ወረደው። ስለ ቀንድ አለ፣ ስለ ቆዳ አለ፣ ስለ አጥንት ግን የለም። ደንቡ ያልከለከለው ነገር እንዴት እንደሚከለከል አያውቅም ነበር። ሽታውም አስመርሮናል፣ ውሰጂው አላት።

ለመታረድ የወጡት በሬዎች አጥንት ተጭነው ተመለሱ። የሺመቤት ቦራን ስታይ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ቀጥላ ተጠራ ወይ ብላ ጠየቀች። አልተጠራም ስትባል ፊቷን አዞረች። እታፈራሁም በግቢዋ አጥንቱን እያከሰለች፣ እንስራውን ደርድራ፣ ለመጣው ሁሉ ቃሏን መናገር ጀመረች። ሰዉ ይመጣል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ሲያበቃ «አልሰማንም» ብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ሲሆን ሰነበተና አንድ ቀን አለቃ ድንበሩ በበቅሎ መጡ። ከአጥሩ ውጭ አልቆሙም። ቀጥ ብለው ግቢው መሐል ገቡ፣ ዘመናቸውን ሙሉ መሬት ሲጠርግ የኖረውን ካባ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። እግሮቻቸው እንደ ስንዱ እግር ነበሩ። የደጋ ሰው አይቶት የማያውቀውን ነገር የቆላ ሰው በአንድ ቀን አየው። ከዚያ ከእንስራው ሥር ቀድተው ጠጡ።

«እኔ ዳኛ ነኝ» አሉ። «ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው።»

ሰዉ ተያየ። ዳኛ ቃል የሚሰማው ማማው ከመጥራቱ በፊት ነው፤ ካልሰማማ በምን ይፈርዳል? ይህ ነገር በዚያች አገር ለማንም ታስቦት አያውቅም ነበር። ማማው እንኳ ራሱ የሚጠራው ዳኞቹ ሰምተናል ስላሉት ነው። የሺመቤት ከሁሉ ቀድማ በሩን አልፋ ገባች፤ ማሰሮ ይዛ።

የማማው ሰዎች አለቃ ድንበሩን ከዳኝነት ሻሯቸው። ማለትም ምርቃቱ ቀረባቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ወረዳ የተወለዱ ልጆች ቀጥ ብለው አደጉ። አጥንትም አልጠፋም፤ ደጋው መናገሩን፣ ማማውም መብላቱን አላቆመምና። ስንዱ ግን ውሃውን የጠጣችው አጥንቷ ከጠነከረ በኋላ ነው። እታፈራሁ የወይራ ዘንጓን ሰጠቻት፤ እሱን እየተደገፈች አደገች።

ብዙ ዘመን አለፈ። አንድ ቀን የቆላ ሰው ሁሉ ማማው ሥር እንዲሰበሰብ ተነገረው። አንድ የደጋ ወጣት መርማሪ ስለ ቆላ ውሃ ትልቅ ቃል አግኝቷል፣ በሬውንም መስፍኑ አስገብቶለታል ተባለ። ልጁ ሌባ አልነበረም። የእታፈራሁ ቃል ስላልተጠራ አልሰማውም፤ በራሱ ደክሞ፣ በራሱ ጠቦቶች ሞክሮ ነው ያገኘው። ሕዝቡ ወጣ። እታፈራሁ አጥንት እያከሰለች ስለ ነበር ቀረች።

ነጋሪው ማማው ላይ ወጥቶ የጉድጓድ ውሃ እግር እንደሚያጎብጥ፣ በከሰለ አጥንት ያለፈ ውሃ ግን እንደማያጎብጥ ከዛሬ ጀምሮ ታውቋል ብሎ ጠራ። ሕዝቡም እንደ ወጉ «ሰማን» አለ። ወጣቱ መርማሪ ሊያድናቸው የደከመላቸውን ሰዎች ለማየት ጓጉቶ ወረደ። ሲያይ ሽማግሌዎቹ ጎባጦች ናቸው፤ ወጣቶቹና ልጆቹ ግን እንደ እሱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሮጦ አጋፋሪውን ጠየቀ። ወንድይራድ አርጅቶ ነበር፤ አሰበ፣ አሰበና ቃሉ የታወቀው ዛሬ ስለሆነ ዛሬ ቀንተው ይሆናል ብሎ መለሰለት።

ወጣቱ በዚህ አልረካም። በሽማግሌዎቹና በወጣቶቹ መካከል አንዲት ሴት ዘንግ ተደግፋ ቆማ አየ። ከወጣቶቹ እምብዛም አትበልጥም፤ እግሮቿ ግን እንደ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ዘንጉን ለየው፤ እሱ ራሱ በዚያው ሳምንት እንዲህ ያለውን አስረክቧል።

«ይህ የቃል ዘንግ አይደለም ወይ?» አላት። «ለምን አልተረከቡትም?»

«ግማሽ በሬ በቁሙ አምጡ ብለውን ነበር» አለችው ስንዱ።

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀመረ። እግሯን አይቶ ተወው። እሷም በዘንጉ ጫፍ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ወደ ወጣቶቹ አመለከተች።

«እነዚያ ውሃው ክፉ መሆኑ ሳይታወቅ ያደጉ ናቸው። እነዚህ ደግሞ አክስቴ ግቢ እየጠጡ ያደጉ ናቸው። እኔ ማማውን ስንጠብቅ ያደግሁት ነኝ።»

ይህን ብላ ዘንጓን ተደግፋ ቁልቁለቱን ወረደች።